ጥቁር የተቀቡት ገጾችና የአርብ ቁርስ

ስለ አለቃችን ስለ ቪንፍሪድ ኦሌንዲክ ጻፊ ያለችኝ ሄዳ ናት። ሄዳና እኔ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ዕቃ የምናሽገው። ከማሸግ ወዲያ ያለውን ብዙም አላውቅም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የማስቀምጠው።

ጀርመን አገር፣ ኖይስ ከተማ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ አዛውንቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን የድረሱልኝ ደወል እንሠራለን። ሰው ወድቆ ሲጫነው በሞባይል መስመር ይደውላል፤ ጥሪ የምትቀበለው ሴት በደወሉ ውስጥ በስሙ ጠርታ ታናግረዋለች። ሃያ ሦስት ሠራተኞች ነን። አርብ አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦና የተፈጨ ጥሬ የአሳማ ሥጋ በሽንኩርት ይቀርባል፤ አለቃ ደግሞ በሳምንቱ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልናል። አባቱም እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። "እናንተ የማታውቁትን እኔ ለብቻዬ አውቄ ምን አደርገዋለሁ?" ይላል።

አንድ አርብ የአንድ ትልቅ ድርጅት ደብዳቤ አነበበ። ደወሎቻችሁ የሚነጋገሩበት መንገድ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት ደረጃ ነው፤ በደረጃው ውስጥ የእኛ ፈጠራ አለ፤ ያለ ፈቃዳችን መሥራት አትችሉም፤ ለጠየቀን ሁሉ በተገቢ ዋጋ እንፈቅዳለን ብለን ቃል ገብተናል፣ ዋጋውም ይኸው፣ ይላል።

"ተገቢ መሆኑን በምን ልወቅ?" አለ አለቃ። ሌሎቹ ስንት ከፈሉ ብሎ ጻፈላቸው።

ከሌሎች ጋር የተፈራረሙትን ውል ላኩለት፤ ግማሹ ግን እንዳይነበብ ጥቁር ተቀብቷል። እሱንም አነበበው። "የፈቃዱ ክፍያ፣ ጥቁር። የሚጸናው እስከ፣ ጥቁር፣ ጥቁር።"

መጀመሪያ ሳቅን። ሄዳ "አለቃ፣ ጥቁሩን ቀስ ብለው ያንብቡልን፣ አመለጠን እኮ" አለችው። እሱ ግን አላቆመም። እስከ መጨረሻው ገጽ ሄደ፣ ድምፁም እየቀጠነ መጣ። ዳቦ የነካ ሰው አልነበረም።

ጥቁሩ እንዲነሳለት ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ መፈረም ነበረበት። እምቢ አለ። ጠበቃችን ወይዘሮ አውፍደርሃይደ እኛው ፊት ለመነችው።

"አቶ ኦሌንዲክ፣ የንግድ ውድድር ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ሁሉም የሚሄድበትን መንገድ የያዘ ሰው እንዳሻው ማስከፈል አይችልም። ግን ሕጉ የሚጠብቀው ፈቃዱን ከልቡ የሚፈልገውን ነው። ሳይፈርሙ በቆዩ ቁጥር፣ ይሄ ሰው ፈቃድ አይፈልግም ይሉዎታል።"

"ፈርሜስ አርብ ምን ላንብብላቸው?"

"የአየሩን ሁኔታ ያንብቡላቸው።"

ስምንት ወር አለፈ። ድርጅቱ ከሰሰን፤ ፍርድ ቤቱም ጠበቃዋ እንደፈራችው፣ ይሄ ሰው ፈቃድ አይፈልግም አለ። ማምረት ይቁም፣ ለአዛውንቶቹ ያከራየናቸው ደወሎችም ይሰብሰቡ ተባለ።

ማክሰኞ የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች መጡ። አለቃ በሳምንት ውስጥ ተመልሰው ይሄዳሉ ብሎ ባትሪያቸውን እንዳናወጣ ነግሮን ነበር። የደረደርኳቸው እኔ ነኝ፤ ምናልባት ከፍ አድርጌ ከምሬያቸው ይሆናል። ከምሳ በፊት መጋዘን ስገባ ከካርቶን ውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

"ወይዘሮ ቲለማን፣ ይሰሙኛል? ወድቀዋል እንዴ?"

ከሥሩ ካለው ካርቶን ደግሞ፣ "አቶ ፍሬሪክስ፣ አይዞዎት፣ ሰው ልኬያለሁ።" ቀጥሎ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ክብደቱ ተጭኗቸው ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ጆሮዬን ወደ ካርቶኑ አስጠጋሁ። በካርቶኖቹ ቀዳዳ ቀይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል።

አለቃ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። "አዛውንቶቹ አንገት ላይ ዛሬ ምንም የለም" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ተንበርክኮ "እህቴ፣ እዚህ የሉም። እሳቸውም የሉም" እያለ ለየካርቶኑ መለሰ። ሁሉም ዝም ሲሉ ተነሥቶ ለጠበቃዋ ደወለ። "ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፣ እፈርማለሁ።"

ሐሙስ ፎቅ ላይ ብቻውን ሆኖ ጥቁር የሌለበትን ውል አነበበ። በሦስተኛው ሳምንት ፈቃዱን ወሰደ፤ ደወሎቹም ወደየአንገቱ ተመለሱ። ሃያ ሦስታችንም ሥራችን ላይ ነን።

ፎቅ ላይ ውሉን ባነበበ ማግሥት፣ አርብ፣ ደብዳቤዎቹን አነበበልን። በመጨረሻ ጥቁር የተቀባውን የድሮውን ውል አወጣ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ገጽ በገጽ እንዲሁ ሄደ፤ እኛም የምንሰማ ይመስል ጠበቅን።

"ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም? እሱን ብቻ ይንገሩን" አለችው ሄዳ።

ውሉን አጠፈው። "ዳቦሽን ብዪ" አላት።

ሁለት ዓመት ሆነው፤ አሁንም አንድ አርብ አያልፈውም። ፊት ለፊቱ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ከከንፈሩ አንድ ቁጥር የያዝኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበሬን ዞር አድርጌ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምበላው።