ከሰማያዊው መኪና ሥር

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ የመኪና ሰም ይሸት ነበር። አባዬ በሳምንቱ ቀናት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ቅዳሜ ሲሆን ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና እኔን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ የድሮ መኪኖች ወደሚታዩበት ፓርኪንግ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የምንሄደው ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ሂሊያርድ ነበር። ከሙቀቱ የተነሳ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ ቤንዚኑ፣ ሰሙና የሚጠበሰው ሆት ዶግ አንድ ላይ ይሸታሉ። ሽማግሌዎቹ አሜሪካኖች ከመኪኖቻቸው አጠገብ ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ሲቀመጡ፣ አባዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ የፊት መብራቶቹን ፎቶ ያነሳል።

ቤት ስንመለስ በቀጥታ ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት እንወርዳለን። እዚያ የነበረንን ዓይነት ኮምፒውተር የእኔ ዘመን ልጆች ሳያስታውሱት አይቀሩም። ሲነሳ እንደ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይጮሃል፤ ሲቆይ ደግሞ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። አባዬ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያደርገውና ከመኪናው አንድ ነገር ብቻ በቀለሙ እንዲታይ ያደርጋል፤ በሩ፣ የኋላ መብራቱ፣ አንዳንዴም መላ አካሉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ የማይወድ ሰው አልነበረም። ቀለሙ በእርግጥ አይጠፋም፤ ግራጫው ከላይ እንደ መጋረጃ ይጣልበታል እንጂ። ግራጫውን በማውስ ሲጠርጉት ቀለሙ ከሥር ብቅ ይላል። የአባዬ ጣቶች ወፋፍራም ስለነበሩ ከመስመር ይወጣበታል፤ ስለዚህ የመጥረጉ ሥራ የእኔ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በዚያ በጋ የአባዬ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሰላም፣ ልታገባ ነበር። ጋሼ ተስፋዬ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሙሽራዋን በራሳቸው መኪና ሊወስዷት ቃል ገቡ። ጋሼ መካኒክ ናቸው። ፒከሪንግተን ካለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ አንድ በፈረንጆች አቆጣጠር የሃምሳዎቹን ዘመን መኪና ከዝገት አንስተው፣ ዓመታት ፈጅተው፣ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው እንደ አዲስ አድርገውታል። አባዬ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄዶ መኪናውን በራቸው ላይ ፎቶ አነሳው። ፎቶው በትልቁ ታትሞ አዳራሹ መግቢያ ላይ ሊቆም ነው፤ ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ፣ መኪናው ብቻ ሰማያዊ።

ጠረጋውን የጀመርኩት ከጣሪያው ነው። በሮቹን ጨርሼ ወደ ኋላ ጎማው ስደርስ እጄ አመለጠኝና ከጎማው ሥር መሬቱን ነካሁት። በግራጫው ጊዜ ጥላ የሚመስለው ነገር ቀለሙ ሲገለጥ ጥላ አልነበረም። የማር ቀለም ያለው፣ ዳር ዳሩ የሚያብለጨልጭ፣ የሳህን ያህል ፈሳሽ ነበር።

“አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ አየው። “ውሃ ነው። ኤሲው አንጠባጥቦ ይሆናል።”

“ውሃ ቢጫ ነው እንዴ?”

“ፀሐይ ነው እንደዚያ ያስመሰለው። ይልቅ መልሰሽ ግራጫ አድርጊው፤ መኪናው ብቻ ነው መታየት ያለበት።”

መልሼ ሸፈንኩት። ሴቭ አደረግሁት። ያን የመሰለ የድሮ መኪና ኤሲ የሚባል ማቀዝቀዣ እንደሌለው ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ያ ቀለም ከዓይኔ አልጠፋም። ቁርስ ላይ ሽሮፑ ከፓንኬኩ ሥር ሲወጣ አየዋለሁ። ደጃፋችን ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ መንገድ ዳር ከቆሙት መኪኖች ሥር አጎንብሼ እመለከት ነበር። ምን እንደፈራሁ ግን ለራሴም አልገባኝም። እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ጋሼ ተስፋዬን ፓርኪንግ ላይ ከአባቶች ጋር ቆመው አገኘኋቸውና ተጠጋኋቸው። እማዬ ከሩቅ አይታ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ መሃል መግባት በእኛ ቤት ነውር ነበር።

“ምን ልትነግሪኝ ነው ማሂዬ?” አሉኝ ጎንበስ ብለው።

እማዬን አየኋት። “ፎቶው በጣም ያምራል” አልኳቸው።

ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ።

ሙሽራዋ የምትወጣው ከእኛ ቤት ነበርና፣ የሰርጉ ቀን ረፋድ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ከሁለት ትንንሽ አበባ ያዦች ጋር ደጃፋችን ላይ ቆሜያለሁ። ኮሎምበስ ሜዳ ነው ይባላል፤ የእኛ መንገድ ግን ከላይ ጀምሮ እስከ በራችን ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ የክላክስ ድምፅ መጣ። ሪባን የታሰረበት ሰማያዊ መኪና ብቅ አለ፤ ክላክሱም አላቋረጠም። የሙሽራ መኪና ክላክስ መንፋቱ ያለ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አልመሰለውም። ሴቶቹ በር ላይ ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። አንዷ ቪዲዮ ትቀርጻለች።

እኔ የጋሼን ፊት አየሁት። አፋቸው ተከፍቷል፤ የሚሉት ግን አይሰማም። መኪናው ከሚገባው በላይ እየፈጠነ ነው። ሁለቱን ልጆች በቀሚሳቸው ጎተትኳቸውና አብረን ሣሩ ላይ ወደቅን። ጋሼ መሪውን ወደ ጎረቤታችን ትልቅ ዛፍ ጠመዘዙት። ከግጭቱ ድምፅ በኋላ እልልታው ትንሽ ቀጠለ፤ ከኋላ የነበሩት ገና አላዩም።

አባዬ ሮጦ በሩን ሊከፍት ታገለ። ከዚያ መሬቱን አየ። ከኋላ ጎማው ጀምሮ ወደ ላይ፣ መንገዱን ተከትሎ፣ የማር ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ተዘርግቷል። ቀና አለና በዓይኑ እኔን ፈለገኝ።

ጋሼ ዳሌያቸውና እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አልሄዱም፤ ከመኪና ሥር ገብተው መሥራትም ቀረ። ሰርጉ አልተሰረዘም። አክስቴ በሚኒቫን ሄደች፤ አዳራሹ መግቢያ ላይ ያ ፎቶ ቆሞ ጠበቀን። በዚያ ሁሉ ግራጫ መሃል ሰማያዊው ያበራል። ከጎማው ሥር ያለው ጥላ ብቻ ይመስላል። አንድ ሰው መጥቶ ወደ ግድግዳ አዞረው።

እኔና አባዬ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በየበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ፒከሪንግተን እየሄደ የጋሼን ሣር ያጭድ ጀመር። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ አድርጌ ይዤው አደግሁ።

ባለፈው በጋ አብሬው ሄድኩ። አባዬ ከጓሮ ሣር ሲያጭድ እኔና ጋሼ ሳሎን ተቀመጥን። እንደምንም ብዬ ጀመርኩ። “ጋሼ፣ ያኔ ቤተ ክርስቲያን ልነግርዎ የመጣሁት ስለ ፎቶው ማማር አልነበረም።”

“ስለ ፈሳሹ ነዋ” አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

“እኔም አይቼው ነበር። መካኒክ አይደለሁ? የፍሬን ዘይት መሆኑን አውቄያለሁ። ካርቶን አነጠፍኩበት፤ ሐሙስ ዘይት ጨመርኩ፤ ሰርጉ ይለፍና ሰኞ እፈታዋለሁ አልኩ። ለሙሽራዋ መኪናው አይሄድም ማለት አፈርኩ።” ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። “ያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ብስበውም አልያዘልኝ፤ ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ በዘይት ርሶ ነበር። የታየኝ የእናንተ ነጭ ቀሚስ ብቻ ነው።”

“አባዬ ግን ውሃ ነው ብሎኝ ነበር።”

“እሱ ገምቶ ነው ያለሽ፤ ያረጋገጥኩለት እኔ ነኝ። አንቺ በጠየቅሽው ማግስት ደወለልኝ። ‘ልጄ ከሥሩ ፈሳሽ አየሁ ትላለች፤ መኪናው ደህና መሆኑን እርግጠኛ ነህ ወይ?’ አለኝ። ውሃ ነው፣ አታስብ አልኩት። አመነኝ።” ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የሣር ማጨጃው ማሽን ድምፅ ቀርቦ ይርቃል። “ይኸው ሃያ ዓመት ሣሬን ያጭዳል። አጥብቄ አልጠየቅሁትም ብሎ ራሱን ይከስሳል። አውቃለሁ። እኔም ዝም ብዬ አየዋለሁ።”

“ይንገሩት” ብቻ አልኳቸው።

ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። የጓሮውን በር ከፍተው ሲወጡ ማሽኑ ጠፋ። በመስታወቱ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው አየኋቸው፤ የሚሉት አይሰማም። አባዬ የራሱን ኮፍያ አውልቆ ያዘ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጋሼም ከዘራቸውን ተደግፈው ከአጠገቡ ቆሙ። ጓሮው ግማሹ ታጭዶ ግማሹ እንደቀረ ወደ ቤታችን ተመለስን። በመንገድ ላይ አባዬ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ “ያኔ ፎቶውን መልሰሽ ሸፍኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ” አለ።

እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ዝም ማለት ጨዋነት ነበር፤ ትልልቆቹም እርስ በርሳቸው ጨዋ ነበሩ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ እንደዚያ አይደለችም። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ የመጣላትንም ሳታስቀር ትናገራለች። ባለፈው ሳምንት ሃይዌይ ላይ ሳለን ከኋላ ወንበር ሆና “ማሚ፣ ሰምቲንግ ስሜልስ ዊርድ” አለችኝ፤ የሆነ ነገር ይሸታል ማለቷ ነው። እኔ ምንም አልሸተተኝም። መብራት አሳይቼ ዳር ያዝኩ፤ ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፤ ተንበርክኬ ከሥሩ ሁሉ አየሁ። ደረቅ ነው። መኪኖች በአጠገቤ ሲያልፉ መኪናዬ ይንቀጠቀጣል።

“ሶ ኢት ዋዝ ናቲንግ?” አለች ስመለስ፣ ያፈረች መስላ።

“አዎ፣ ምንም አይደለም” አልኳት። “ነገም ከሸተተሽ ንገሪኝ።”

ቀበቶዋን ማሰሯን በመስታወቱ አይቼ ሞተሩን አስነሳሁ።