ለውሻችን ያላለበስኩት ጃኬት

አትላንታ ባሕር የላትም፤ ባሕር ያማረው ሰው አምስት ሰዓት መንዳት አለበት። በዚያ ዓመት የማኅበራችን ሰዎች ፍልሰታ ሳይገባ ልጆቹን እናዝናና ብለን ከከተማዋ ዙሪያ፣ ከማሪዬታም ከብሩክሄቨንም ተጠራርተን ወደ ባሕር ወረድን። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ካለ ውሻዋ አልሄድም አለች።

ውሻው የሚተኛው ሳሎን ነው። የማኅበር ተራ ሲደርሰን ግን ጋራዥ ቆልፌበት፣ ፀጉሩን ከምንጣፉ ለቅሜ እንግዶቼን እቀበል ነበር። ያን ቀን ግን ውሻውን መደበቂያ አልነበረኝም።

ልጄ ስለ ውሻ ዋና ሳምንት ሙሉ ስታነብ ሰንብታለች። «አባዬ፣ ኳስ ከተወረወረለት ቢደክመውም ይሄዳል፤ ስቶፕ ማድረግ ያለብን እኛ ነን» አለችኝ። የጨው ውሃ እንዳይጠጣ ንጹሕ ውሃ ያዘችለት። ጀርባው ላይ መያዣ ያለው ቢጫ የዋና ጃኬትም አስገዛችኝ።

ባሕሩ ዳር ተንበርክኬ ጃኬቱን ላጠልቅለት ስል፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት የማኅበራችን ትልቅ ሰው አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንዳይሰጥም ነው፣ አባባ።»

«ለውሻ? እኔ እዚህ አገር በበረዶ ስገባ ጃኬት ያለበሰኝ የለም!»

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። «ልጅቷ ናት፣ ምን ላድርግ ብላችሁ ነው» አልኩና ጃኬቱን መልሼ መኪናው ውስጥ ወረወርኩት። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች።

ከዚያ ደግሞ ኮስተር ያለ ሰው ለመምሰል ኳሱን እኔው ያዝኩት። እያራቅሁ ወረወርኩ። በአምስተኛው ውርወራ ውሻው ኳሱን ይዞ ሲዞር ውሃው ወደ ጎን ወሰደው፤ አፍንጫው ብቻ ይታይ ጀመር። ልጄ እየጮኸች ልትገባ ስትል ወገቧን ያዝኩ። እኔ ዋና አልችልም።

የገቡት እኒያው አባባ ናቸው። ያደጉት ሐይቅ ዳር ነው። ከነጫማቸው ገብተው ደረሱበት፣ ግን እርጥብ ፀጉሩ ሁለቴ አመለጣቸው። «የሚያዝ ነገር የለውም እኮ!» ብለው ሲጮኹ መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ አንገቱን አንቀው አወጡት።

አሸዋው ላይ የጨው ውሃ ሲያስመልሰው አባባ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ ደግፈው ተቀመጡ። ልብሳቸው ይንጠባጠባል። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ፣ በኔ ቀልድ ነው እንዴ ጃኬቱን ያስቀረኸው?»

ልጄ ቀደመችኝ።

«ኖ፣ አባባ። ልኩ ስላልሆነ ነው። አባዬ ሊያለብሰው ነበር።»

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። እኔም፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።