የደጅይጥኑ ግዝት

በ1963 ዓ.ም. ፋሲካን አበርገሌ ከሚያስተምር ጓደኛዬ ጋር ውዬ ወደ ሰቆጣ ስመለስ ነው ያገኘሁት። እሱ ገብስ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዳ ቁልቁል ይወርዳል፤ እኔ ሽቅብ። ጠባብ ቦታ ላይ ስለተገጣጠምን ጥጌን ይዤ አሳለፍኩት። እግዜር ይስጥህ ብሎኝ ጥቂት እንደሄደ ዞር አለና የደረት ኪሴን አየ።

«እስክሪብቶው ለጌጥ ነው ወይስ ፊደል ትቆጥራለህ?»

«ሰቆጣ መምህር ነኝ» አልኩት እየሳቅሁ።

«እንግሊዝኛም?»

«እንግሊዝኛም።»

አህዮቹን ጥላ ሥር አቆመና ከአቁማዳው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። በታይፕ የተመታ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጥናት ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ ይላል። መጀመሪያው ገጽ ላይ በአማርኛ የእጅ ጽሑፍ «ለወንድሜ ለደጅይጥኑ» ተብሎበታል።

«ደጅይጥኑ እኔ ነኝ። የላከው አስማረ ነው፤ አብሮ አደጌ» አለኝ። «እስቲ እኔ ያለሁበትን አንብብልኝ።»

አገላብጬ አገኘሁትና ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ሊቃውንት አገሮች የሚገበያዩት ሁለቱም ወገን ስለሚጠቀም ነው ይላሉ፤ በዋግ ግን ደገኛና ቆለኛ ገብስና ፍየል የሚለዋወጡት በግዝት ምክንያት ነው፤ ደገኛ ፍየል እንዳያረባ፣ ቆለኛም ገብስ እንዳይዘራ አባቶች በታቦት ፊት ተማምለዋል፤ ይህን የነገረኝ ነጋዴው ደጅይጥኑ ነው፣ ይላል።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

አሳየሁት። ጣቱን አኑሮበት ብዙ ቆየ። ደስ ያለው መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ።

«ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ግዝት የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ።

ነገሩ ከልጅነት ይጀምራል። ሁለቱ ከአንድ የቄስ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ዳዊት ላይ ነው የተማሩት። «አስማረን ፊደል ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ‹ሀ›ን እንኳ ገልብጦ ነበር የሚያየው» አለኝ። በ1944 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ የሚመርጥ ሰው ከደሴ መጣ። ያን ሳምንት ደጅይጥኑን አባቱ ገብስ አስጭኖ ወደ ቆላ ልኮት ነበር። ፍየል ለውጦ ሲመለስ አስማረ ሄዷል።

«እኔ ፍየል ስጎትት እሱ ዕድሌን ይዞ ነጎደ።»

«አስማረ ምን አጠፋ?»

«ምንም! እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ቢያጠፋ ኖሮማ ረግሜው እተኛ ነበር።»

ዓምና አስማረ ለጥናቱ መጣ። ያረፈው እነ ደጅይጥኑ ቤት ነው። የደጅይጥኑ ሚስት ይታየሽ፣ ለባሏ ለፋሲካ ብቻ የምትሠራውን ዶሮ ወጥ ለአስማረ በተራ ሐሙስ ሠራችለት። እንግዳው ሲናገር ወጡን በእጇ እንደያዘች ቆማ ትቀራለች። «‹ጨምሪ እንጂ› ብላት ‹ቆይ፣ አስማረ ይጨርስ› አትለኝም?» አለኝ፤ ሲነግረኝ እንኳ ዓይኑ ቀላ።

ከምግብ በኋላ አስማረ ደብተሩን አወጣ።

«‹አቶ ደጅይጥኑ› አለኝ። በአማርኛ! አብረን ከአንድ ጋን ጠላ ሰርቀን የጠጣን ሰዎች! ኽምጣኛ አፋችንን የፈታንበት አይደል? በኽምጣኛ ቢጠይቀኝ እውነቱን እነግረው ነበር።»

«ምን ብሎ ጠየቀዎት?»

«‹እርስዎ ፍየል ከቆለኞቹ የበለጠ ያውቃሉ፤ ገብስም ይሆንልዎታል። ታዲያ ፍየሉን ራስዎ አርብተው መቅረት ሲችሉ ለምን ገብስ ጭነው ይወርዳሉ?› አለኝ። እኔም ግዝት አለብን አልኩት። ዓይኑ በራ። የትኛው ደብር ቢለኝ የገዛ አጥቢያዬን ጠራሁለት። መላልሶ ጻፈ። እኔ በልቤ ‹ጻፍ፣ የተማርክ!› እላለሁ።»

«እውነተኛውስ መልስ ምን ነበር?»

እንደ ቂል አየኝ። «ቀኔ አንድ ነዋ፣ መምህር። በፍየል ከቆለኞቹ ብበልጥ በጥቂት ነው፤ በገብስ ግን ሦስት እጥፍ እበልጣቸዋለሁ። ፍየል ስከተል የዋልኩ ቀን ገብሴን አረም ይበላዋል። ትንሹን ብልጫዬን ለነሱ ትቼ ትልቁን እይዛለሁ። እነሱም ያተርፋሉ፣ እኔም።»

ደነገጥኩ። ይህን እኔ በኮሌጅ ስንት ሌሊት አፍጥጬ ነው የተረዳሁት። አስማረ በጥናቱ በዋግ አይሠራም ያለውም ይህንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የአንድ ፈረንጅ ሊቅ ቃል ነው። አንድ አገር በሁሉም ቢበልጥ እንኳ ይበልጥ የሚበልጥበትን ይዞ ሌላውን ይለውጥ ብሏል።»

«መቼ ነው ያለው?»

«መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።»

«እሱም ቀደመኝ!» አለና መሬቱን በበትሩ መታ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ በፋሲካ ሳምንት ምን እንዳስወረደው ጠየቅሁት። ከወረቀቱ ጋር የመጣ ደብዳቤ ነው ነገሩ። የአስማረ ፈረንጅ አስተማሪ በግዝቱ ተደንቋል፤ በዳግማይ ትንሣኤ ሁለቱም መጥተው ደብሩን ሊያዩ፣ ቄሱን ሊጠይቁ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ የፊታችን እሑድ ነበር።

«ቄሱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ለውሸቴ ምስክር ይሁኑኝ ልበል? እስኪሄዱ ቆላ ልክረም ብዬ ነው።»

«እርስዎ ባይኖሩም ቄሱ እንዲህ ያለ ግዝት የለም ይሏቸዋል። አስማረ በአስተማሪው ፊት ይዋረዳል።»

«ይዋረዳል» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደ ማር እየላሰ። ወዲያው ግን የተጠቀለለውን ወረቀት በመዳፉ ዳበሰው። «‹ለወንድሜ› ብሎ መጻፉ ነው የከፋው። ምነው ‹ለነጋዴው› ብሎ በተወው!»

ወረቀቱን ወደ አቁማዳው መልሶ ተነሣ። የፊተኛዋን አህያ ጆሮዋን ይዞ ወደ ሽቅቡ አዞራት። እስከ ሰቆጣ መግቢያ አብረን ሄድን። መንገዳችን ሲለያይ እጄን ያዘ።

«እነግረዋለሁ። በኽምጣኛ ነው የምነግረው፤ ለፈረንጁ እሱ ያስተርጉምልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እሱ የእኔን ቃል ይሸከም። አንተ ግን የገብሱንና የፍየሉን ነገር ዛሬውኑ ቁጭ ብለህ ጻፈው፣ መምህር። እሱ ቀድሞ ከጻፈው የሱ ሆኖ ይቀራል።»