የራሷ አስተርጓሚ

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለስደተኛ ልጆችና ለወላጆቻቸው የሥነ ልቦና ምክር መስጠት ጀመረ ሲባል ለዘገባ ሄድኩ። አማካሪዋ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛ አታውቅም። ፊቷ የተቀመጠችው ኢትዮጵያዊት እናት ካርቱም ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዓረብኛዋ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። የምታስተረጉመው ምክሩ የሚያስፈልጋት ልጇ ራሷ ናት፤ ገና አሥር ዓመቷ ነው።

አማካሪዋ በዓረብኛ፣ «ፖሊስ እናትሽን በአፈሳ ከወሰዳት ወዲህ መኪና ሲቆም በሰማሽ ቁጥር ዴስክ ሥር እንደምትደበቂ ንገሪያት» አለቻት።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ጎበዝ ተማሪ ናት እያለችሽ ነው።»

«ተመስገን! እኔ ደግሞ ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ ሥራዬን ጥዬ ስበር መጣሁ» ብላ እናትየው ሳቀች።

ሁለቱንም ቋንቋ እሰማለሁ። በሥራዬ በሰው ጨዋታ መሃል አልገባም፤ ያን ቀን ግን ገባሁ። «እህቴ፣ እንደሱ አላለችም» ብዬ የሰማሁትን ነገርኳት። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ሱዳናዊ ርዕሰ መምህር ለምን አስተርጓሚ እንደማይቀጥሩ ጠየቅኩት።

«ያ ኡስታዝ፣ ጌታዬ፣ ልጆቹ አሉ አይደል እንዴ? ሁሌም እንዲሁ ነው የምንሠራው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ሁሌም! ስንቱ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ፍርሃቱን ውጦ እናቱን ሲያስደስት ከርሟል?

እናትየው የልጇን እጅ ጨብጣ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

ልጅቷ ወደ አማካሪዋ ዞራ ጥያቄውን በዓረብኛ ተረጎመችላት።