ዝም ያለው ካንዴላ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሰኔ ወር ነው። ለሰው ሳወራው “ተይ እንጂ!” ስለሚሉኝ፣ አንድም ሳልጨምር እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ የመጨረሻ ፈተና ነበረብኝ። ካመለጠኝ ዓመቱን መድገም ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ዓመት እንደማይታገሠኝ ቁርጡን ነግሮኛል።

ከጎረቤላ የሚወጣ ሚኒባስ ስላጣሁ በጎረቤታችን በግርማ አሮጌ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። በቤንዚን የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማያንስ መኪና ናት። በመካከላችን አንድ ሽማግሌ የዜማ መምህር ተቀምጠዋል።

ዳገቱን እንደጀመርን መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ጠመዝማዛ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ጭነቱን መሳብ አቅቷት ቆመች። ሞተሩ አልጠፋም፤ ግን ይንተፋተፋል።

“ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል” አለ ግርማ ኮፈኑን ከፍቶ።

“ብልጭታ የሚሰጡት ካንዴላዎቹስ?” አልኩት።

“እቴ፣ አራቱንም ዛሬ ጠዋት ነው የቀየርኳቸው! አዲስ ዕቃ ይጠረጠራል እንዴ?”

ሞተሩን አጥፍቶ ቱቦ እየፈታ ሲነፋ ሰዓቱ ሄደ፤ ሲያስነሣው ግን ያው መንተፋተፍ ነው። የሚያልፍ መኪና የለም። ፈተናዬ ሊያመልጠኝ ነው።

መምህሩ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከውስጥ ጠየቁ። “ልጄ፣ ስንት ሆነው ነው የሚመቱት?”

“አራት ናቸው፣ የኔታ።”

“እንግዲያው አንዱ አይመልስም። ተራው ሲደርስ ዝም ይላል።”

ግርማ ሳቀ። “የኔታ፣ ይሄ እኮ ጸናጽል አይደለም!”

“ጸናጽል ቢሆንማ፣ የያዘውን ሰውዬ እስካሁን ከማኅሌት ባስወጣሁት።”

እኔ አልሳቅኩም። “ግርማ፣ በማርያም ሞክረው” አልኩት።

ሞተሩ እየሠራ፣ እጁን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የካንዴላዎቹን ገመዶች ተራ በተራ ይነቅል ጀመር። የሚሠራው ሲነቀል ሞተሩ ይደክማል፤ የማይሠራው ሲነቀል ለውጥ የለም። ሆኖም ከመንተፋተፉ ብዛት እኔም ግርማም ምንም መለየት አልቻልንም።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። “ይሄ ይመልስ ነበር፤ ግባ በለው” አሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲነቀል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይሄ ኖረም አልኖረም ያው ነው።”

ግርማ ሞተሩን አጥፍቶ ሦስተኛውን ካንዴላ ፈታው። ጫፉ በቤንዚን ረጥቧል። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ተደፍኖ ሁለቱ ብረቶች ተነካክተዋል።

“ወይኔ!” አለ ራሱን ይዞ። “ስገጥም ከእጄ አምልጦ ድንጋይ ላይ የወደቀው ይሄ ነው! አዲስ ነው ብዬ ጠርጌ ከተትኩት።”

ማስተካከሉን እኔ ተቀበልኩት። ከደህናዎቹ ካንዴላዎች አንዱን አስፈትቼ፣ ጎን ለጎን ይዤ፣ በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ አላቀቅኩት። ግርማ ቢያጣድፈኝም ክፍተቱ እኩል እስኪሆን አልሰጠሁትም።

ሞተሩ ሲነሣ ሌላ መኪና መሰለ። የኔታ ለአፍታ አደመጡና “አሁን ሞላ” ብለው ጋቢያቸውን እንደገና ተከናነቡ። ኮፈኑ ሥር ያለውን ነገር ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። “የኔታ፣ እንዴት ለዩት?”

“ተማሪዎቹ አንድ ላይ ሲጮኹ የቱ እንደዘለለ ካልሰማሁ ምኑን አስተማርኩት? ካንዴላ ያላችሁትን ግን እስከዛሬ አይቼው አላውቅም።”

ፈተናው ላይ የደረስኩት ወረቀት ሲታደል ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፍኩ። ጥያቄዎቹን ግን ዛሬ አንዱንም አላስታውሳቸውም።

አሁን ሞተሩ እየሠራ የቆመ መኪና ካየሁ ጠጋ እላለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሰው ቢያየኝም ሳላፍር፣ አራቱን ለመለየት እሞክራለሁ። እስካሁን የምሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።