ከሰይድ ጋር በጭስ ያበሰልነው ፍርምባ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጭስ ምድጃ ገዝቶ መጣ። ጓሮ አስቀመጠው፣ ጎድንና ፍርምባ ደረደረበት፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ኳስ ሊያይ ገባ።

«ማን ይጠብቀዋል?» አልኩት።

«ራሱን ይጠብቃል አባባ፣ ሪላክስ አድርግ።»

እኔ ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። ስጋ እሳት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይገባኝም።

ጭሱ ሲሸተኝ ሰይድ ትዝ አለኝ። የወሎ ልጅ ነው። በወጣትነታችን እዚሁ አሜሪካ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ምግብ ቤት ሳህን እናጥብ ነበር። ሽሮውንም ጃኬቱንም እንካፈላለን። ስጋ ሲሆን ግን እሱ በድስቱ፣ እኔ በድስቴ። እሱ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ እኔም ሙስሊም ያረደውን። ተጣልተንበት አናውቅም፤ ያደግንበት ነው።

ከክፍላችን በታች አንድ የቴክሳስ ሰው ይኖር ነበር፣ ሸምገል ያለ ጥቁር አሜሪካዊ። ቅዳሜ ቅዳሜ በበርሜል ስጋ በጭስ ያበስላል። ሁሌ ይጠራናል። ከበሬው ፍርምባ ጎን የአሳማ ጎድን ስለሚደረድር ሁለታችንም «ጠግበናል» እያልን፣ ምራቃችንን እየዋጥን እናመልጣለን።

ኋላ ሰይድ ሲያትል ሥራ አገኘ። ሊሄድ ሰሞን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ይኸውልህ፣ ይህን ያህል አብረን ኖረን አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ትሪ ስጋ ሳንበላ ልንለያይ ነው» አልኩት።

«ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የአይሁዶች ስጋ ቤት አለ። ያንተም ሰው አላረደው፣ የኔም» አለኝ።

«እናቴ ብትሰማስ?»

«የኔዋስ?»

እሁድ በጠዋት ሄደን አንድ ሙሉ ፍርምባ ገዛን። ለቴክሳሱ ሰው ወሰድንለት፤ ነገሩ ሲገባው የብረት ብሩሹን አምጥቶ አሳማ የነካውን ፍርግርግ እስኪያብለጨልጭ ፈተገው። ኦክ የሚሉትን ጠንካራ እንጨት አነደደልንና «ክዳኑን አትንኩ» ብሎ ተቀመጠ። እኛ ግን አላስችል ብሎን በየደቂቃው እንከፍታለን።

«በከፈታችሁት ቁጥር እራታችሁ እየራቀ ነው» ይለናል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስጋው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሲቆርጠው ከጥቁሩ ሥር ቀላ ብሏል፣ ጮማው ይንጠባጠባል። ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከዚያ እጄ አልዘረጋ አለኝ። ሰይድም እንደኔው ትሪውን ያያል።

«ምነው፣ አረረ እንዴ?» አለ ሰውዬው።

ሰይድ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ወደ አፌ አመጣው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ገብሬ፣ እጄን እንዳትመልሰው» አለኝ።

በሕይወቴ እምቢ ያልኩት ነገር ብዙ ነው። ይሄን አልቻልኩም። ዋጥኩትና እኔም አጎረስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

«እናንተ ሰዎች የየራሳችሁ እጅ የላችሁም?» አለ የቴክሳሱ ሰው። ሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ ትሪው ባዶ እስኪሆን ቀና ያለ የለም።

ባለፈው ቅዳሜም ልጄ ሲመሽ ወጥቶ ቆርሶ ሰጠኝ። ማን እንዳረደው አልጠየቀም፣ ጠይቆም አያውቅ። አልወቅሰውም፤ በዚህ አገር ነው ያደገው። ስጋው ጥሩ ለስልሷል፣ ነገርኩትም። ይሄ ልጅ ከማንም ጋር እንደልቡ ይበላል። ደስ ይለኛል። ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚያጎርሰው ሰው አጋጥሞት ያውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ።