እርስዎ ይቅደሙ

ባለፈው ሳምንት አዋሽ፣ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ፣ ሁለት ሽማግሌዎች "ይግቡ እንጂ"፣ "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ" እየተባባሉ መንገድ ዘጉብን። ከኋላቸው የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር ሆዱን እያሻሸ ተነፈሰ። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ሰመራ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሐኪም ከሆንኩ ገና ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። የቆመ ልብ እንዴት እንደሚመለስ ለነባር ሐኪሞች ከሚያሰለጥን ቡድን ጋር በዚያ ሙቀት ወረድን። ገዋኔ ላይ የፍየል ጥብስ በላን፤ ከዚያ ወዲያ በመስኮት የሚገባው ነፋስ የምድጃ ትንፋሽ ነበር።

ሰመራ ስንደርስ ከሰልጣኞቼ መካከል ዶክተር ሁመድን አየኋቸው፤ ተማሪ ሳለሁ ቁስል መስፋት ያስተማሩኝን የቀዶ ሕክምና ሐኪም። እንኳን ላዛቸው፣ ቀና ብዬም አላያቸው። በመጨረሻው ቀን ፈተና ካላለፉ ደግሞ የምጥላቸው እኔው ነኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ፤ የመለማመጃው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ ተጋደመ። "ልቡ ቆሟል!" አልኩ።

ዶክተር ሁመድ ወደ ፈተና ጓደኛቸው ወደ ዶክተር ተስፋዬ ዞሩ። "በል ጀምር።"

"ኧረ እርስዎ እያሉ!"

"ወላሂ አንተ ትጀምራለህ!"

"በሚካኤል! ታላቅ አይቀደምም።"

ሁለቱም እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሰዓቱ ይሮጣል። "ጀምሩ!" ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለ። በአገራችን ፊት ለፊት የማይነገረው በግጥም ይነገራልና፣ ድንገት ይህ አመለጠኝ፦

እርስዎ ይቅደሙ ስትከባበሩ፣
በሽተኛው ቀድሞ ገባ ከመቃብሩ።

አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ዶክተር ሁመድ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ አዋረድሽን እኮ!" ብለው ተንበረከኩና የአሻንጉሊቱን ደረት ይጫኑ ጀመር። ጉልበታቸው ሲዝል እንኳ ዶክተር ተስፋዬ ሊተኳቸው ሲያፍሩ አየሁ። ይህን ጊዜ ግጥምም አላስፈለገኝ።

"ዶክተር ሁመድ፣ ይልቀቁ! ዶክተር ተስፋዬ፣ ይግቡ!"

ለቀቁ። ገቡ። አለፉም።

ምሳ ዶክተር ሁመድ ጋበዙን፤ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ የአፋር ዳቦ፣ ከሙፎ ጋር። ለገባ ለወጣው ሁሉ ስንኙን አስደገሙኝ። እጅ ስንታጠብ ግን "አንተ ቅደም"፣ "ኧረ እርስዎ" እንደገና ተጀመረ፤ ዓሣው ቀዘቀዘ።

ዛሬ የእኔም ፀጉር ሸብቷል። ወጣቶች ወንበር ይለቁልኛል፤ ደስ ይለኛል፣ መከበር የሚጠላ ማን አለ? ልቤ የቆመ ዕለት ግን አጠገቤ የሚገኘው ሰው የማያፍረኝ ይሁን።